“የሚሸጥ ቤት አለ” ማለት ሲያስፈራ

በ2017 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የብስኩት ካርቶን ቀደው በጥቁር ቀለም “የሚሸጥ ቤት” ብለው ጻፉበት። ከሥሩ ስልክ ቁጥራቸውን አሰፈሩ። የመምህር የእጅ ጽሑፍ ነውና ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። በግቢው የቆርቆሮ በር ላይ በሽቦ አሰሩት።

ካርቶኑ የቆየው ሦስት ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት መጣ። ትሑት ነው፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ቡና ቀረበለት፣ ጠጣ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። ልጆቻችሁ የት ናቸው? ውጭ አገር ያለ አለ? አሁን ግቢው ውስጥ ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት? ሰርቪሱ ውስጥ ሰው አለ? ስለ ካርታው አልጠየቀም። ስለ ካሬው አልጠየቀም። ዋጋውንም ሳይጠይቅ አመስግኖ ወጣ።

ምናልባት ጨዋታ ወዳድ ልጅ ነበር። ምናልባት በእውነት ቤት ፈላጊ ነበር፤ ዋጋ መጠየቁ አሳፍሮት ይሆናል። ባልና ሚስቱ ግን ያን ሌሊት አልተኙም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሚስት ወጥተው ሽቦውን ፈቱና ካርቶኑን ይዘው ገቡ። “ቤት እንሸጣለን ማለት፣ ገንዘብ ይመጣልናል ማለት ነው” አሉ ባላቸውን። “ይኸንን በበራችን ላይ ጽፈን እንዴት እናድራለን?”

ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልተነሣ ነበር።

* * *

መምህሩ ማስተማር የጀመሩት በ1964 ዓ.ም. ነው። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 ሲያወጣ እሳቸው ገና በኪራይ ቤት የሚኖሩ ወጣት ነበሩ። አዋጁ ከአንድ በላይ ቤት የነበራቸውን ሰዎች ትርፉን ሲወስድባቸው፣ ቤት ለሌለው ደግሞ ለመኖሪያ መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲያገኝ ፈቀደ። መምህሩ በ1973 ዓ.ም. 400 ካሬ ሜትር ተመሩ።

ቤቱ በአንድ ጊዜ አልቆመም። መጀመሪያ ሁለት ክፍል ነበር፤ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ምርጊቱ ጭቃና የጤፍ ጭድ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ጭቃውን የረገጡት ጎረቤቶችና የዚያ ዓመት ተማሪዎቻቸው ናቸው። ቆይቶ ሳሎኑ ሰፋ፣ ወለሉ ሊሾ ሆነ፣ ኮርኒስ ገባ፣ ከጓሮ የብሎኬት ሰርቪስ ተሠራ። ከጮቄ በኩል የሚወርደውን ብርድ ለመከላከል ከአጥሩ ሥር ጽድ ተተከለ። ጓሮው ውስጥ ጌሾና ጎመን አለ፤ በሰሜኑ ጥግ ሚስት የተከሏት አንዲት የኮክ ዛፍ አለች። ሦስት ልጆች ከዚህ ቤት ወጥተው ተማሩ።

ለጎጃም ሰው ይኸን የመሰለ ነገር መሸጥ ቀላል አይደለም። በድሮው ሥርዓት ርስት ከአቅኚው አባት በዘር ሐረግ የሚደርስ ነው እንጂ ገበያ የሚወጣ ዕቃ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ ከግብሩ ባልተናነሰ ያስፈራው “መሬቴ ተለክቶ ከእጄ ሊወጣ ነው” የሚለው ሥጋት ነበር። የከተማ ቤት ርስት አይደለም፤ መሬቱም የባለቤቱ አይደለም። ስሜቱ ግን ከገጠር ወደ ከተማ ተከትሎ ገብቷል። ለዚህም ነው አንድ ሰው ቤቱን ሊሸጥ ሲነሣ ሰፈሩ በቅድሚያ የሚጠይቀው “ስንት?” ብሎ ሳይሆን “ምን ነካቸው?” ብሎ የሆነው።

መምህሩን የነካቸው የሚስታቸው ኩላሊት ነው። በ2016 ዓ.ም. ለዓመታት የቆየ የደም ግፊት ኩላሊታቸውን እንደጎዳው ታወቀ። ሐኪሙ በየወሩ አዲስ አበባ እየመጡ ክትትል እንዲያደርጉ አዘዘ።

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደኅናው ጊዜ ጠዋት የተነሣ ሰው ደጀን ላይ ቁርሱን በልቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ይገባል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ያ ደኅና ጊዜ አበቃ። አዋጁ በመጀመሪያ ለስድስት ወር ነበር፤ በአራት ወር ተራዝሞ በ2016 ክረምት መግቢያ ላይ ጊዜው አለፈ። ውጊያውና የመንገዱ ሥጋት ግን አብረውት አላለፉም። በዚያው ሰሞን፣ ሰኔ 2016፣ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚጓዙ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች በዚሁ መንገድ ላይ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ቆመው ተሳፋሪዎቹ ታገቱ። ቤተሰቦቻቸው ገንዘብ ተጠየቁ። ያን ዜና ከሰማ በኋላ የጎጃም እናት ለሐኪም ቀጠሮ ስትነሣ ጉዞዋ የሐኪም ቀጠሮ ብቻ አይደለም።

መንገዱ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋል፤ ሲከፈት ደግሞ ታሪፉ እጥፍ ነው። ሁለት ቀጠሮ ካለፈ በኋላ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ደወለች። “አባዬ፣ ቤቱን ሽጡና እዚህ ኑ። እኔ ያለኝን እጨምራለሁ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም አናጣም።” መምህሩ ሁለት ሳምንት ዝም አሉ። ከዚያ ካርቶኑን ቀደዱ።

* * *

ካርቶኑ ከወረደ በኋላ ሽያጩ በሹክሹክታ ሆነ። መምህሩ አንድ ደላላ ጠርተው 6 ሚሊዮን ብር አሉት፤ ቴሌግራም ላይ እንዳያወጣው፣ ፎቶም እንዳያነሣ አስማሉት። ደላላው ራሱን እያከከ፦ “ጋሼ፣ እንግዲህ ሰው ሳይሰማ ቤት የምሸጠው እንዴት አድርጌ ነው?” አላቸው። ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱው ነው።

የመጀመሪያው ፈላጊ ውጭ አገር የሚኖር የሰፈሩ ልጅ ነበር። በልጅነቱ ከዚያች የኮክ ዛፍ የሰረቀ ነውና ቤቱን ማሳየት አያስፈልገውም። በክልሉ ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ የነበረው የሞባይል ኢንተርኔት ተመልሶ ስለነበር፣ ኔትወርኩ ሲፈቅድ በቪዲዮ ግቢውን እየዞሩ አሳዩት። ዋጋው አላስጨነቀውም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእሱ ዶላር በብር ሲመነዘር በእጥፍ ገደማ አድጎ ነበር። የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። “ጋሼ፣ ገዝቼው ማን ይኖርበታል? እኔ መጥቼ ማደር ካልቻልኩ?” ከወር በኋላ ገንዘቡን አዲስ አበባ ላይ አፓርታማ ለሚሠራ ድርጅት ቅድሚያ ከፈለ። መምህሩ አልተቀየሙትም። እሳቸውም ቢሆኑ ወደዚያው ሊሄዱ ነው የሚሸጡት።

ያ የብር ለውጥ ለሻጩ የተለየ ሕመም ነበረው። ቆርቆሮው፣ ሚስማሩ፣ ሲሚንቶው ሁሉ ዋጋው ወጣ። መምህሩ በወረቀት አሰቡት፤ ያንኑ ቤት ዛሬ ከመሠረቱ ልሥራ ቢሉ 6 ሚሊዮን አይበቃም። ስለዚህ 6 ሚሊዮን ውድ አይደለም ብለው ያምናሉ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን የሚነግረን ቤቱ ስንት እንደሚያስወጣ እንጂ ስንት እንደሚያወጣ አይደለም። ገዥ የሚከፍለው ለጭቃውና ለቆርቆሮው ሳይሆን እዚያ ቤት ውስጥ ሊኖራቸው ላሰባቸው ዓመታት ነው። ጎጃም ውስጥ ግንብ ተወደደ፤ ዓመታቱ ረከሱ።

ሁለተኛው ፈላጊ የከተማው እህል ነጋዴ ነው። ቤቱን በሚገባ አየ፤ ግድግዳውን በጉልበቱ ገፋ፣ ጣሪያ ሥር ገብቶ ወራጁን በባትሪ ፈተሸ። “ጋሼ፣ ቤቱስ ሸጋ ነው” አለ። “እኔ የምፈራው ሌላ ነው።” ከዚያ በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

አንደኛ፣ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይናገራል። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። ሁለተኛ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ያዝዛል። መምህሩ ለ40 ዓመት በነባር ይዞታ የኖሩበት ቦታ በነጋዴው እጅ ሲገባ የሊዝ ዕዳ ይዞ ነው። ሦስተኛ፣ ብድር። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጥሎ ነበር፤ በኋላ ወደ 18 በመቶ ቢያላላውም፣ ጠባብ በሆነ ብድር ላይ ባንክ መጀመሪያ የሚያበድረው በዚህ ሰዓት ደብረ ማርቆስ ላይ የጭቃ ቤት ለሚገዛ ሰው አይደለም። ስለዚህ ሙሉው ገንዘብ ከኪሱ ይወጣል።

“ሁለት ሚሊዮን ተኩል” አለ ነጋዴው።

መምህሩ ሳቁ። ደላላው ግን አልሳቀም። ነጋዴው ከወጣ በኋላ ጎንበስ ብሎ፦ “የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል ጋሼ። ይኸን ሰው አይልቀቁት” አላቸው።

* * *

ድርድሩ ከኅዳር እስከ ጥር ሄደ። መምህሩ ወረዱ፣ ነጋዴው ወጣ። ከጥምቀት በኋላ 3 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ላይ ተገናኙ። ሚስት አለቀሱ፤ ቢሆንም እሺ አሉ። በዚህ ዋጋ የሚገኘው አዲስ አበባ ዳር ላይ ያለች ስቱዲዮ ብትሆንም ለሁለት ሽማግሌ ትበቃለች ተባለ።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሦስት ነገር ጠየቀ። ከሰፈሩ ማንም ምስክር እንዳይሆን። ውሉ አሁን እንዳይመዘገብ፣ ስሙም “ቀኑ እስኪለይለት” በመምህሩ እንዲቆይ። ገንዘቡ ደግሞ በልጃቸው ሒሳብ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ በትንሽ በትንሹ እንዲገባ።

መምህሩ መጀመሪያ ሊያጭበረብራቸው የፈለገ መሰላቸው። ሰውየው ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ማለ። “ጋሼ፣ እኔ ልጆች አሉኝ። እገሌ በሦስት ሚሊዮን ቤት ገዛ ከተባለ በማግስቱ ወይ አንዱ በሌሊት ይመጣል፣ ወይ አንዱ በቀን ይጠራኛል። እኔ አሁን ደኸየ ነው መባል የምፈልግ።”

ያ ወጣት በካርቶኑ ምክንያት ሊመጣ ችሎ ከሆነ፣ በውሉ ምክንያት ደግሞ ሌላ ወጣት ሊመጣ ይችላል። ሻጩ ገንዘብ ሊያገኝ መሆኑ እንዳይታወቅ ይደበቃል። ገዥው ገንዘብ እንዳለው እንዳይታወቅ ይደበቃል። ሁለት የተደበቁ ሰዎች በምን ገበያ ላይ ይገናኛሉ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ምስክሮች እንዲፈርሙበት፣ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕጉ ከመጻፉ በፊትም ልማዱ ይኸው ነበር፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እማኝ ይቆጠራል፣ ቀብዱ በሰው ፊት ይሰጣል፣ ጎረቤት “ያድርግላችሁ” ብሎ ይመርቃል። አገር የሰማው ሽያጭ አይካድም። ነገ አንዱ ወራሽ ቢነሣ፣ አንዱ ወገን ቢክድ፣ የሚያየው ዓይን ብዙ ነው። የቤት ሽያጭ መተማመኛው መታየቱ ነበር።

አሁን ያ ተገለበጠ። ውሉን ያጸና የነበረው ምስክር የሚፈራ ሰው ሆነ። ገዥን ይጠብቀው የነበረው መዝገብ ስም ዝርዝር ሆኖ ታየው። በሰው ፊት መቁጠር ደኅንነት ነበር፤ ዛሬ ጥቆማ ነው። ዋጋ ቢወርድ፣ ካርታው ንጹሕ ቢሆን፣ ደላላው ቢተጋ ይኸን አያስተካክለውም፤ ችግሩ ዋጋው ላይ ስላልሆነ።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጥናት፣ ገዥ የዕቃውን ጉድለት ማወቅ ሲያቅተው ደኅናውንም ዕቃ እንደሚጠራጠርና ዋጋ እንደሚያወርድ፣ በመጨረሻም ደኅና ዕቃ ያላቸው ሻጮች ገበያውን ጥለው እንደሚወጡ አሳይቷል። በዚህ ሐሳቡ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። እሱ ያሰበው ሻጭ ጉድለቱን ያውቃል፣ ገዥ አያውቅም። የደብረ ማርቆሱ ቤት ግን ከዚያ ይለያል። ነጋዴው ወራጁን ሳይቀር አይቷል፤ ስለ ቤቱ ያልተነገረው ነገር የለም። የማይታወቀው የመጪው ወር መንገድ ነው፤ እሱን ደግሞ ሻጩም አያውቀውም። እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ በቅናሽ ማስወገድ አይቻልም። ቅናሹ በበዛ ቁጥር “ምን ቢያውቁ ነው?” የሚለው ጥያቄ ይብሳል።

“ጦርነት ባለበት የቤት ገበያ ቢቀዘቅዝ ምን ይገርማል? ሰው እየሞተ ስለ ቤት ሽያጭ ይወራል?” የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ጡረተኛ መምህር ያለው ሀብት ቤቱ ብቻ ነው። ባንክ ያለው ለመድኃኒት አይበቃም፤ ጡረታው ከወር ወር አያደርስም። የ40 ዓመት ድካሙ የተቀመጠው እዚያ ግድግዳ ውስጥ ነው። ቤቱ ካልተሸጠ ድካሙ ወደ ሕክምና፣ ወደ ልጅ ትምህርት፣ ወደ ሌላ ሥራ መለወጥ አይችልም። ጥይት ያልነካው ሰው በዚህ መንገድ ይጎዳል፤ ይኸን ጉዳት የሚመዘግብ ደግሞ የለም።

ሌላም ነገር አለ። ገበያው ሲደበቅ ገበያው አይጠፋም፤ ጉልበት ወዳለው ሰው እጅ ይገባል። መታየት የማይፈራ ማን ነው? ጠባቂ ያለው፣ ከለላ ያለው፣ የሚፈራ ሳይሆን የሚፈራለት። እንዲህ ያለው ሰው በሚቀጥሉት ዓመታት የመምህራንን፣ የነርሶችን፣ የትናንሽ ነጋዴዎችን ቤት በግማሽ ዋጋ ሊሰበስብ ይችላል። ነገ ሰላም ሲወርድና ዋጋው ሲመለስ ከተማዋ የማን ሆና እንደምትገኝ ዛሬ ማሰብ ያስፈልጋል።

የመሠረተ ልማት ዕቅድ፣ የቤት ልማት ፕሮጀክት፣ የኢንቨስትመንት ጥሪ ሁሉም ጥሩ ነው። ከሁሉም በፊት ግን ሰው በመንገዱ ሳይታገት መሄዱ፣ በቤቱ ሳይፈራ ማደሩ ይቀድማል። ይህ ደግሞ ጠመንጃ የያዙት ወገኖች ሁሉ የሚመልሱት ጥያቄ ነው። “አካባቢው ተረጋግቷል” የሚል መግለጫ ሲሰማ አንድ ቀላል መመዘኛ አለ፤ አንድ ሽማግሌ ስልክ ቁጥሩን በበሩ ላይ ጽፎ ማደር ይችላል ወይ?

* * *

መምህሩ የነጋዴውን ሦስት ጥያቄ አልተቀበሉም። “ምስክር የሌለው ውል ለልጆቼ ክስ አላወርስም” አሉ። ነጋዴውም አልተቆጣም፤ ሲወጣ እጃቸውን ሳመ። ደላላው ያን ቀን ምሳ ሳይበላ ሄደ።

በመጋቢት መንገዱ ለጥቂት ቀን ሲከፈት ሚስት ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ ልጃቸው የምትከራየው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ናቸው። ክትትላቸው አልተቋረጠም። መምህሩ ቀሩ። ሰው የሌለበት ቤት ቶሎ ያረጃል፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ባዶ መሆኑ ከታወቀ በሩም ጣሪያውም አይተርፍም። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ጣሪያ ሥር ያደሩ ሰዎች በ48ኛ ዓመታቸው ሊሸጡት በተነሡት ቤት ምክንያት ተለያዩ።

ማታ ማታ ኔትወርክ ካለ ይደዋወላሉ። እሳቸው ስለ ግፊቱ ይጠይቃሉ፤ እሷ ስለ ኮኩ ትጠይቃለች። አበበ ወይ? ወፍ በላው ወይ? ጌሾውን ማን ለቀመው? ስለ ቤቱ ሽያጭ በስልክ አያወሩም።

ካርቶኑ አልተጣለም። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ሽቦው እንደታሰረበት፣ ጽሑፉ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆሟል።